የማዋለጃውን ክፍል የወሰደው ሰውዬ

ደረጀ መሞቱን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው፣ ጎመን ስመርጥ። ጎመን ሻጯ እጇን ደረቷ ላይ አርጋ፣ "እማማ አየለች፣ አልሰማሽም እንዴ? ዶክተር አረፉኮ። በስኳር ነው አሉ፣ ሐዋሳ ወስደዋቸው እዛው" አለችኝ። "እግዚአብሔር ቤተሰቡን ያጽናና" አልኩና ጎመኔን አስሬ ሄድኩ። አላለቀስኩም። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። በኮሮናው ጊዜ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ተቀምጦ፣ "እኔ ከሞትኩ ማን ያክማችኋል?" ይለን ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ይላታል። ይኸው ሞተ። እየታከምን ነው።

የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ምሕረት ናት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። "አያቴ፣ በሞተ ሰው ላይ እንዲህ አይወራም" ትለኛለች። አንቺ ጻፊ። ለቅሶው ላይ ወረቀት ይዘው ቆመው የሕይወት ታሪኩን ሲያነቡ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ከዛ ወረቀት ውስጥ የማውቀው ስሙንና የልጆቹን ቁጥር ብቻ ነው። የቀረውን ሰውዬ አላውቀውም። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ የረገጠውን ወለል የጠረግኩ ሰው ነኝ። ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል።

ጤና ጣቢያው ከዲላ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ አሁን ያሉት ልጆች ጥሩ ናቸው፣ ምን በወጣቸው ስማቸው ይነሳል። እኔ ጽዳት ነበርኩ፣ ደረጀ ኃላፊ። የተማረው ጤና መኮንንነት ነው፣ ዶክተር አይደለም። ግን ዶክተር ካላሉት አይሰማም። "አቶ ደረጀ" ብሎ የጠራው ሰው ወረፋው ወደ ኋላ ይሄድበታል። ገበሬው ይሄን ስላወቀ ገና ከውጭ በር "ዶክተር፣ ዶክተር" እያለ ነው የሚገባው። ነጭ ካፖርቱ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ ሲጽፍ ግን ከሰው ተውሶ ነው። ሰው ሕመሙን ሲነግረው ሰውየውን አያይም፣ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ነገር ነበረችው፣ "በመመሪያው መሠረት" የምትል። መጥረጊያ አለቀ ስለው በመመሪያው መሠረት። ሽንት ቤቱ ሞላ ስለው በመመሪያው መሠረት። መመሪያው ሽንት ቤት ይመጥጥ እንደሆነ እንጃ።

እውነቱን ላውራ፣ እጁ ለመርፌ ቀላል ነበር። ሕፃን ልጅ ሳይሰማው ይወጋል። ይሄንን ጻፊለት። ሌላ የምጨምርለት የለኝም።

ኮሮና የመጣ ሰሞን ከተማ ጠርተው ሦስት ቀን አሰለጠኗቸው፣ እሱንና ሲስተር አልማዝን። ሲስተር አልማዝ አዋላጃችን ነበረች። ገና ልጅ እግር፣ ከጉራጌ ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ሲያዩዋት ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል። ሁለቱም አንድ ቤት ተቀምጠው አንድ ነገር ነው የሰሙት። ሲመለሱ ግን እሷ "በሽተኛውን ሳናስይዝ፣ እኛም ሳንያዝ እንዴት እናክም" እያለች መጣች። እሱ "እኔ እንዴት አልያዝም" እያለ መጣ። እሷ ያለችው ውስጥ እሱም አለበት። እሱ ያለው ውስጥ ግን ማንም የለም።

በማግስቱ የማዋለጃውን ክፍል ወሰደ። ያ ክፍል ከግቢው ሁሉ የተሻለ ነው። ሁለት ትልልቅ መስኮት አለው፣ የራሱ ቧንቧ አለው፣ በጓሮ በኩል ሌላ በር አለው፣ መድኃኒት የሚቀመጥበት ፍሪጅም እዛ ነው። "ኃላፊ ነው መጀመሪያ መጠበቅ ያለበት" አለ። ጠረጴዛውን ተሸክመን አስገባንለት። የማዋለጃውን አልጋ ግድግዳ አስጠግቶ ፋይል ደረደረበት። ወላዶቹን ወደ ክትባት ክፍል አወረዳቸው፣ ጠባብ ናት፣ አንድ ሰው ከተኛባት ሌላው ቆሞ ነው። የሚያስሉትን ደግሞ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አስገባና በሩ ላይ "ማቆያ" ብሎ ለጠፈበት። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ጉንፋን የያዘውም፣ ሳንባው የቆሰለውም፣ ኮሮና ያለበትም አንድ ላይ ተዘግቶባቸው ይሳሳላሉ። ሲስተር አልማዝ "ዶክተር፣ ያልያዘው ሰው እዚህ ገብቶ ይዞት ነው የሚወጣው" ብትለው፣ "ቢያንስ ግቢ ውስጥ አይዞሩም" አላት።

እሱ ራሱ በሽተኛ የሚያየው በስልክ ሆነ። ቁጥሩን በሩ ላይ ለጠፈ። በሽተኛው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይደውላል፣ እሱ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ "ምንህን ነው?" ይላል። መድኃኒቱን ወረቀት ላይ ጽፎ በቀርከሃ ጫፍ ሰክቶ በመስኮት ያወጣዋል፣ ለሚናከስ ውሻ ሥጋ እንደሚሰጥ ሰው።

ስልክ የሌለው ገበሬስ ምን ይሁን? "አየለች ስልክ አላት" አለ። አለችኝ፣ ቁልፏ የደበዘዘ አንዲት አሮጌ ስልክ። ከደረቴ አውጥቼ ደወልኩና ለመጀመሪያው ሰው ሰጠሁት። ሰውየው አፉ ላይ ለጠፋት፣ አወራ፣ ሳለባት፣ ለቀጣዩ ሰጠ። ያም ተቀበለ፣ አወራ፣ ሳለ፣ ሰጠ። በቀን ሃያ ሰው፣ ሠላሳ ሰው። ሥራ ሲያልቅ ደረቴ ውስጥ መልሼ እከታትና ቤቴ እገባለሁ። ሰው ከሰው እንዳይነካካ ተብሎ፣ ይሄው የቀበሌው ትንፋሽ ሁሉ በኔ ስልክ አለፈ። እሱ ግድግዳው ወዲያ ማንም ያልነካውን የራሱን ስልክ በአልኮል ይወለውላል። እኔም ደደብ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሐኪም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቀና ብዬ ነው የምሄደው።

ሲስተር አልማዝ በሦስተኛው ቀን አየችኝ።

"እማማ አየለች፣ ይቺን ስልክ ማነው ሲያዞራት የሚውለው?"

"እኔ ነኛ።"

"ሁሉም በሷ ነው የሚያወራው?"

"ስልክ የሌለው ሁሉ።"

እጇን ግንባሯ ላይ አርጋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "እማማ፣ ከገበያውም ከአውቶቡሱም ይቺ ትብሳለች" አለችኝ። ከዛ በአልኮል ደጋግማ ወልውላ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻትና ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ የሚያረገውን ነካች። "ከአሁን በኋላ ማንም በእጁ አይንካት። ቆሞ ከሩቅ ያውራ" አለች።

እሷ ሥራዋን ሁሉ ወደ በረንዳው አወጣችው። ቆርቆሮው ዝናብ ያስጥላል፣ አየሩ እንደ ልብ ነው። ሰው ግን አልራራቅ አላት። "ሁለት ሜትር ተራራቁ" ስትል "እሺ ልጄ" ይሉና መልሰው ይጠጋጋሉ። ሜትር የሚባለውን ማን በእጁ ይዞት ያውቃል። አንድ ቀን ጓሮ ሄዳ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ መጣች፣ ረጅሙን። መሬት ላይ ዘረጋችውና "አንዱ በጫፉ፣ አንዱ በግርጌው በኩል ይቀመጥ" አለች። ከዛ ወዲያ ማንም አልተሳሳተም። እንሰቱን የማያውቅ የጌዴኦ ሰው የት አለ። ገበያ ላይ እንኳ ሰው ሲጠጋቸው "አንድ ቅጠል ራቅ በል" ማለት ጀመሩ። አንሶላ አጥበን አላዳርስ ስንል ደግሞ፣ መመርመሪያው አልጋ ላይ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የራሱን ለጋ ቅጠል አነጠፈችለት። ተመርምሮ ሲነሳ ቅጠሉ ጉድጓድ ይገባል፣ አልጋው በበረኪና ይወለወላል፣ ለሚቀጥለው አዲስ። ሽማግሌዎቹ "ይቺ የሰው አገር ልጅ ይሄን ማን አስተማራት?" ቢሉ፣ "የኛም አገር እንሰት አለኮ አባባ" አለቻቸው።

ደረጀ ይሄን ሁሉ በመስኮቱ ያያል፣ አይወጣም። አንዴ ብቻ መስታወቱን ቆርቆር አርጎ፣ "ግቢውን ቅጠላ ቅጠል አታርጉብኝ" አለ።

ያቺ ድንጋይ ላይ ያለች ስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣች። አቶ ጂግሶ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መጡ፣ የደረጀን አባት የሚያክሉ። ደወልኩላቸው። ደረጀ አያያቸውም፣ ጎረምሳ ይሁኑ ሽማግሌ አያውቅም።

"ምንህን ነው? ቶሎ በል።"

አቶ ጂግሶ ኮፍያቸውን አስተካከሉና ጎንበስ ብለው፣ "ወደ ታች በኩል ነው ዶክተር" አሉ ቀስ ብለው።

"ሽንትህን ስትሸና ያቃጥልሃል?" አለ ድምፁ። ግቢው ሞላ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

አቶ ጂግሶ ግራ ቀኝ አዩ። "ይሄ ሁሉ ምእመን ቆሞ እየሰማኝ አያቃጥለኝም" አሉ።

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ሰው ሲሄድ ያቃጥለኛል።"

ሲስተር አልማዝ ሳቋን በማስኳ ውስጥ ዋጥ አርጋ፣ ስልኩን ዘግታ፣ ሽማግሌውን ወደ በረንዳው ማዶ ይዛቸው ሄደች። እዛ ቀስ ብላ ጠይቃ አከመቻቸው። መዝገቡ ላይ ግን ያከማቸው ደረጀ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ስልኩን ያነሳው እሱ ነው።

ምሕረት "ፈርቶ ነዋ" ትለኛለች። ሁላችንም ፈርተን ነበር። ሲስተር አልማዝ ጓንት ላይ ጓንት ስትደርብ አይቻለሁ። እኔም ቤቴ ስገባ ልብሴን ደጅ አውልቄ ነው። ስኳር እንዳለበትም አውቃለሁ፣ ስኳር ያለበት ሰው ይጠናበታል ይባል ነበር። "ስኳር አለብኝ፣ ፈራሁ፣ ቤቴ ልቀመጥ" ቢለን ኖሮ ማን ይንቀዋል? ሂድ ብለን እንሸኘው ነበር። ፍርሃቱን አይደለም የናቅኩት። ፍርሃቱን መመሪያ ነው ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፉን ነው።

እንግዲህ የዛን ቀን ነገር ልንገራችሁ።

ጠዋት ነው። ማርታ የምትባል ልጅ ከላይ ከዳገቱ በቃሬዛ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጡ ሁለት ቀን ይዟታል፣ በዛ ላይ ታስላለች። አሥራ ሁለት ወንዶች እየተፈራረቁ ነው ያመጧት፣ አማቷ አብራ አለች። እኛ ጋ ቃሬዛ የተሸከመ ሰው የታመመውን ወሬ ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሲስተር ይሄን ስለምታውቅ "ሂዱ" አላለቻቸውም። "ከአጥሩ ውጭ፣ በአንድ ቅጠል በአንድ ቅጠል ተራርቃችሁ ጠብቁ፣ ወሬውን ራሴ መጥቼ እነግራችኋለሁ" አለቻቸው። እሺ ብለው ወጡ። አማቷ ብቻ ቀረች።

ሲስተር ማርታን በረንዳው ላይ አይታ ቀና አለች። "ልጁ ደርሷል። የት ላስገባት?" አለችኝ። ክትባት ክፍል ሌላ አራስ ከነሕፃኗ ተኝታለች፣ የምታስል ሴት አጠገቧ አይገባም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ያስላል፣ ጨለማ ነው። የቀረው የማዋለጃው ክፍል ነው።

ማርታንና አማቷን በረንዳው ላይ ትታ፣ ስልኬን ይዛ በጎን በኩል ያለው መስኮት ሥር ቆመች። እኔም አጠገቧ። ደረጀ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጧል፣ ሁለት እርምጃ ነው የሚርቀው። መስኮቱን አልከፈተም። አፉ እዛ ሲንቀሳቀስ እያየን ድምፁ እዚህ በስልኩ ይመጣል።

"ዶክተር፣ ክፍሉን ይልቀቁልኝ። ወላድ አለች።"

"ታስላለች?"

"ታስላለች።"

"ማቆያ አስገቢያት።"

"ጨለማ ነው ዶክተር። አየር የለውም፣ ውሃ የለውም፣ ደም ቢፈሳት አላየውም። ደም የሚያቆመው መርፌም እርሶ ጋ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው።"

"በመመሪያው መሠረት የሚያስል ሰው ማቆያ ነው የሚገባው።"

"መመሪያው መስኮት ክፈቱ ነው ያለን። አብረን ነው የሰማነው።"

"አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? በስንት በስንት ደቂቃ እንደሚያምጣት ጠይቂያትና ንገሪኝ።"

ያኔ ማርታ ጮኸች። ግድግዳው ሁሉ ሰማ።

"ነገረችዎት ዶክተር" አልኩት እኔ።

ስልኩን ዘጋው። ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ። ሲስተር አልማዝ በሩን መታች፣ በእጇ፣ ከዛ በክንዷ። ከዛ ክንዷን አወረደች። እንባዋ ወርዶ ማስኳ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ማስኩ ሲረጥብ አየሁ። እሷ እዛ ስታለቅስ በረንዳው ላይ ሁለት ነፍስ ይጠብቃታል። እኔ ብዙ ነገር ችዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያንን ግን አልቻልኩም።

ስልኬን ከእጇ ተቀበልኩ፣ እሷ ወደ ማርታ ስትመለስ እኔ ደወልኩ።

"ዶክተር፣ አየለች ነኝ።"

"ምን ፈለግሽ?"

"ዛሬ ጠዋት ክፍሎን ያጸዳሁት እኔ ነኝ አይደል?"

"አዎ። ምን ይሁን?"

"ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለኝ። ማሽተትም እምቢ ብሎኛል። በረኪናው እንኳ አልሸተተኝም።"

በመስታወቱ አየሁት፣ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

"ማስክ አርገሽ ነበር?"

"ሞቆኝ አውልቄው ነበር። ጠረጴዛዎን ስወለውል ሁለቴ አስነጠሰኝ። ብርጭቆዎም ላይ ሳይደርስ አልቀረም።"

ውሸቴን ነው። በረኪናው የዛን ቀን ዓይኔን እስኪያስነባኝ ነው የሸተተኝ። ማስኬም ከአፌ አልወረደችም። እሱ ግን ወንበሩን ገለበጠና በጓሮው በር ወጣ። ዞር ብዬ በግድግዳው ጥግ አየሁት። ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ የእንጨቱን አጥር ወጣ። ካፖርቱ ተያዘበት። ጎተተው፣ ተቀደደ፣ የቡናው ተክል ውስጥ ወረደ። ሲሮጥ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አላየም። ተሸካሚዎቹ በፊት ለፊት ስለነበሩ ከኔ በቀር ያየው የለም።

በጓሮው በር ገባሁና የፊቱን በር ከውስጥ ከፈትኩ። አልጋው ላይ ያለውን ፋይል በክንዴ ጠረግኩት፣ መሬት ወረደ። አልጋውን፣ ወለሉን፣ ቧንቧውን በበረኪና አዳረስኩት፣ እንደዛ ቀን ፈጥኜ ሠርቼ አላውቅም። አማቷ ማርታን ደግፋ ስታስገባ፣ "ዶክተሩስ?" አለችኝ።

እኔም በጥድፊያ፣ "ክፍሉን ለቀቀላችሁ" አልኳት። ይቺን ቃል ያዢልኝ፣ ኋላ ያበላሸችኝ እሷ ናት።

ሲስተር መስኮቶቹን ወለል አርጋ ከፈተች። አማቷ ሮጣ ዘጋች። "አራስ በብርድ ልታስመቺ ነው?" አለቻት። ሲስተር ከፈተች። አማቷ ዘጋች። እኛ ጋ አራስ የተኛችበት ቤት መስኮት አይከፈትም፣ ብርድ ገባባት ማለት አለቀላት ማለት ነው። እኔም ልጆቼን ስወልድ ጨርቅ ተወትፎልኛል። ሲስተር አልተጣላቻትም። የማርታን ራስ በሻሽ ጠመጠመች፣ ብርድ ልብስ ደረበችላት፣ አልጋውን ከንፋሱ ዘወር አረገችና፣ "እናቴ፣ ይሄን መስኮት ይያዙልኝ። ንፋስ እያላጋ ልጁን እንዳያስደነግጥብኝ። አደራዬን ለርሶ ነው የሰጠሁት" አለቻት። አማቷ አደራ ስትባል ቀጥ አለች። ክፍቱን መስኮት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ማን ይዝጋባት። እኔ ውጭ ሆኜ ውሃ ልሰጥ ጠጋ ብል እንኳ፣ "ወዲያ ሂጂ፣ አየሩን ዘጋሽው" አለችኝ።

ልጁ መጣ። ጮኸ። ከዛ ሲስተር "ቆይ" አለች። ብርሃኑ እላይዋ ላይ ስለነበር ወዲያው ነው ያየችው። ደም ነበር፣ የማያቆም ደም። ፍሪጁን ከፈተች፣ መርፌው የደረጀ ምሳ ሥር ነበር፣ የምሳ ዕቃውን ወዲያ ወረወረችው። ወጋቻት። ከዛ በእጇ ሆዷን ይዛ ማሸት ጀመረች፣ እያሸች "ማርታ፣ አዋሪኝ፣ እንዳትተኚ" ትላታለች። አማቷ በጌዴኦኛ ትጸልያለች፣ መስኮቱን ግን አልለቀቀችም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። እኔ የማስታውሰው ቀጭኗ ልጅ ጀርባዋ በላብ ርሶ ማየቴን ነው። ደሙ ቀነሰ። ከዛ ቆመ።

ሲስተር እጇን ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ፣ እንዳለችው ወደ አጥሩ ሄዳ ለአሥራ ሁለቱ ወንዶች ወሬውን ነገረቻቸው። ከዛ ተመልሳ፣ "እማማ፣ ዶክተር እንዴት ወጡ?" አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ። ከዛ ሳቋን ተወችና፣ "ሁለተኛ እንዳይደግሙት። አንድ ቀን እውነት ሲያሞት የሚያምኖት ሰው ያስፈልጋል" አለችኝ። ልክ ናት። አልደገምኩትም።

እኔን ወስደው መረመሩኝ፣ ምንም የለም። ደረጀ አሥራ አራት ቀን ቤቱን ዘግቶ ተኛ። ሲመለስ ከስቶ ነበር፣ በፍርሃት የከሳ ሰው። "ሞትን አይቼ ተመለስኩ" ይል ጀመር። ሰው "ምን ሆነው ነው?" ሲለው፣ "ሥራ ላይ ነው የያዘኝ፣ ለአንዲት ወላድ ክፍሌን ስለቅ" ይላል። የማርታ አማት ደግሞ ቀድማ መንደሩን አዳርሳዋለች። ዶክተሩ የራሱን ክፍል ለድሃ ልጅ ለቆ ታመመ አለች። ማን አላት? እኔ ነኛ። ዋሽቼም አይደለም፣ ክፍሉን ለቋል። ከተማ አዳራሽ ጠርተው በመስታወት የተሠራ የምስክር ወረቀት ሰጡት። ሲስተር አልማዝ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር፣ ስሟን የጠራው የለም። ብዙም ሳትቆይ ወደ አገሯ አዛወሯት። ሄዳ እንኳ ሰው በረንዳው ላይ በቅጠል ነበር የሚቀመጠው።

የማርታ አማት ልጁን ደረጀ አለችው። በዚህ ዘመን ልጁን ደረጀ የሚል ማነው? እኩዮቹ ናታን፣ ኢዮስያስ፣ ምናምን ናቸው። እሱ ብቻ እንደ ጡረተኛ ደረጀ ተብሎ ይጠራል።

እኔ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ። ጡረታ ስወጣ ደግሞ ማን ይጠይቀኛል ብዬ። ያን ሰውዬ ስንቀው ኖሬ፣ ጀግና ያረግኩት ግን እኔ ነኝ፣ በዚች አፌ። እሱን ስንቅ ትንሽ ለራሴም ይደርሰኛል።

ለቅሶው ላይ ማርታ ከፊት ተቀምጣ ነበር። እንደሷ ያለቀሰ የለም፣ ሚስቱ እንኳ። በሳምንቱ ቤቴ መጣች፣ ትንሹን ደረጀ ይዛ። ልጁን ምሕረት ጓሮ ወስዳ አቮካዶ ስታወርድለት፣ ማርታ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ድምፅዋ እንደተዘጋ ነው።

"እማማ፣ ልጁ የማን ስም ነው የወጣልኝ እያለ ይጠይቀኛል። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። እርሶ አብረዋቸው ሠርተዋል፣ ይንገሩት። ጥሩ ሰው ነበሩ ይበሉት።"

"አልለውም" አልኳት።

አየችኝ።

"ጥሩ ሰው አልነበረም። ክፍሉን አልለቀቀልሽም፣ ሸሽቶ ነው። በሩን ቆልፎብሽ ነበር። እኔ በሽታ አለብኝ ብዬ ዋሸሁት፣ በአጥር ዘሎ ሄደ። አንድ ቀን እንኳ አልታመመም።" ሁሉንም ነገርኳት፣ አሁን ለእናንተ እንደነገርኩት። ሲስተር አልማዝ ያለቀሰችውንም።

የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

"እኔኮ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩለት" አለች በመጨረሻ።

"ሰምቼሻለሁ። ድምፅሽ ይመለሳል።"

"ዘመዶቹ ‘የማን ልጅ ናት?’ ብለው ጠይቀው ከፊት አስቀመጡኝ።"

"ከሱ ዘመዶች ሁሉ ያንቺ ለቅሶ ይሻል ነበር።"

ሳቅ አመለጣት፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። "ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም? ሲስተርን አላመሰገንኳትም። አንድ እንቁላል እንኳ አልወሰድኩላትም።"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። "ስልኳ አለኝ። ምሕረት ትደውልልሻለች፣ አሁኑኑ ታመሰግኛታለሽ።"

ራሷን ነቀነቀች። ጓሮ ልጁ ይስቃል። ወደዛ አየች፣ ፊቷ ጨለመ።

"ይሄን ስም ግን ምን ላርገው?" አለች። "ትምህርት ቤት ተመዝግቦበታል። በጠራሁት ቁጥር ያ ሰውዬ ሊመጣብኝ ነው። ልቀይርለት?"

እኔም ወደ ጓሮ አየሁ። ልጁ አቮካዶውን በሁለት እጁ አቅፎ እየመጣ ነው፣ ሆዱ ላይ አስደግፎ፣ እንዳይጥለው እግሩን እያየ።

"አትቀይሪው" አልኳት። "የዛን ቀን እዛ ክፍል ሁለት ደረጀ ነው የነበረው። አንዱ ሮጠ፣ አንዱ ካንቺ ጋር ቆየ። ስሙ ለቆየው ይሁን።"